በአዲስ አበባ ስለ ፖሊስና ስለ ሕዝብ ገንዘብ ማን ይጠይቃል? ማንስ ይመልሳል?

መግቢያ

በአገራችን መጠየቅ አዲስ ነገር አይደለም። በቀድሞው ዘመን ከሳሽና ተከሳሽ በዛፍ ጥላ ሥር ወይም በመንገድ ዳር ቆመው «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ ሲሟገቱ፣ የተጠየቀ ሰው ፊቱን አዙሮ መሄድ አይችልም ነበር፤ መልስ መስጠት ግዴታው ነበር። ተመልካቹም የጠያቂውን ብልኅነት ብቻ ሳይሆን የመላሹን ሐቀኝነት ይመዝን ነበር።

ነገር ግን በዚያው ዘመን መንግሥትና ሕዝብ ሲገናኙ የመጠየቁ አቅጣጫ አንድ ወገን ብቻ ነበር። በአንድ አካባቢ ስርቆት ወይም ግድያ ሲደርስ የአገሩ ሰው በሙሉ በሜዳ ተሰብስቦ፣ ወንጀለኛው እስኪታወቅ ድረስ ከሥራው ተይዞ ይቆይ ነበር፤ ይህም አውጫጭኝ ወይም አፈርሳታ ይባል ነበር። እዚያ ላይ ጠያቂው ሹም፣ ተጠያቂው ሕዝብ ነው። ሕዝቡ በሹሙ ላይ ቅር ያለው እንደ ሆነ የነበረው መንገድ አቤቱታ ነበር። አቤት ባይ ግን ይለምናል እንጂ አይጠይቅም፤ ቢሰማለት ምሕረት ነው፣ ባይሰማለት ዕድሉ ነው።

የተመረጠ ምክር ቤት ይህን አቅጣጫ የሚገለብጥ ተቋም ነው። በምክር ቤት ውስጥ ሹሙ ቆሞ ይመልሳል፤ የሕዝቡ ወኪል ተቀምጦ ይጠይቃል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በአዲስ አበባ ከተማ፣ በተለይም በቦሌና በምሥራቁ ክፍል በሚኖረው ሕዝብ ዓይን፣ ይህ የመጠየቅ ሥልጣን በሁለት ከባድ ጉዳዮች ላይ እንዴት እንደ ተሠራበትና ዛሬም እንዴት እንደሚሠራ ማስረዳት ነው። ሁለቱ ጉዳዮች ፖሊስና የሕዝብ ገንዘብ ናቸው። እነዚህን የመረጥንበት ምክንያት ግልጽ ነው። መንግሥት በዜጋው ላይ ሊያደርግ ከሚችለው ነገር ሁሉ እጅን መያዝና ከኪስ መውሰድ የሚበልጥ የለም። ዓመተ ምሕረቱ በሌላ አቆጣጠር መሆኑ ካልተገለጸ በቀር በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

፩. ዘበኛው የማን ነበር?

አዲስ አበባ በተመሠረተችባቸው የመጀመሪያ ዓመታት ከተማው የሰፈሮች ስብስብ ነበር። እያንዳንዱ መኳንንት በተሰጠው ጉብታ ላይ ግቢውን ሠርቶ፣ ወታደሩንና አሽከሩን በዙሪያው አስፍሮ ይኖር ነበር፤ የሰፈሩም ጸጥታ በእርሱ እጅ ነበር። ለሰፈሩ ጸጥታ የሚያወጣው ገንዘብ የራሱ ስለ ነበረ ስለ ወጪው የሚጠይቀው ማንም አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ማዘጋጃ ቤት ሲቋቋምና ከንቲባ ሲሾም፣ የገበያውንና የመንገዱን ጸጥታ የሚጠብቅ የአራዳ ዘበኛ የሚባል ኀይል ተነሣ። የአራዳ ዘበኛ የከተማው ዘበኛ ነበር፤ ማለትም የሚጠብቀው አንድን ጌታ ሳይሆን ከተማውን ነው። ይህ በጸጥታ አጠባበቅ ታሪካችን ትልቅ ለውጥ ነበር፤ ነገር ግን ዘበኛውን የሚያዘውን ሹም የሚጠይቅ የተመረጠ ሸንጎ ገና አልነበረም።

ከጠላት ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1942) የወጣው የፖሊስ አዋጅ ቁጥር 6 አገሪቱን በሙሉ የሚያገለግል አንድ የፖሊስ ሠራዊት መሠረተ፤ የበላይ ኀላፊነቱም ለአገር ግዛት ሚኒስቴር ተሰጠ። በመጋቢት 1937 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 74 ደግሞ ማዘጋጃ ቤቶችን በሕግ አደራጀ፤ እ.ኤ.አ. በ1954 አዲስ አበባ የራሷን ቻርተር አገኘች። በዚህ ቻርተር መሠረት በከተማው ምክር ቤት ውስጥ ከየወረዳው የተመረጡ ወኪሎች ከመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ከተላኩ ሰዎች ጋር አብረው ይቀመጡ ነበር። ለመምረጥና ለመመረጥ ግን የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትና ግብር ከፋይ መሆን ያስፈልግ ነበር። ከንቲባውን የሚሾሙት ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ።

በዚህ አደረጃጀት ውስጥ ሦስት ክፍተቶች ይታያሉ። በመጀመሪያ፣ ወኪሉ የተመረጠው በባለንብረቱ ነው፤ ጭሰኛውና ተከራዩ፣ እነርሱም በቁጥር የሚበዙት፣ ጠያቂ አልነበራቸውም። ሁለተኛ፣ ተጠያቂው ከንቲባ ሹመቱን ያገኘው ከላይ ስለ ነበረ የወኪሎቹ ቅሬታ ከወንበሩ አያነሣውም። ሦስተኛ፣ ፖሊሱ ከማዘጋጃ ቤቱ እጅ ወጥቶ የሚኒስቴር ሠራተኛ ሆኗል። ስለሆነም ወኪሉ ስለ መንገድ፣ ስለ ቄራ፣ ስለ ቦይና ስለ ግብር ሊናገር ይችላል፤ ስለ ፖሊስ የሚያነሣው ቃል ግን በዚያ አዳራሽ ውስጥ መላሽ የለውም። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሆንበታል።

በዚያን ጊዜ ቦሌ የከተማው ዳርቻ ነበር። የአውሮፕላን ማረፊያው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከልደታ ወደ ቦሌ ሲዛወር እርሻና ሜዳ የነበረው አገር በመንገድ ከመሐል ከተማው ጋር ተያያዘ፤ ከዚያም ቀስ በቀስ የመኖሪያ ቤት፣ የኤምባሲና የሆቴል ሰፈር ሆነ። ቦሌ ከተማ የሆነው ከአውሮፕላን ማረፊያው ጋር ነው። በዚህም ምክንያት ከጥንቱ ጀምሮ የማዕከላዊው መንግሥትና የከተማው አስተዳደር ኀላፊነት የሚደራረብበት ቦታ ሆኖ ቆይቷል።

፪. ገንዘቡ፣ ዱላውና ፍርዱ በአንድ እጅ

በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ፤ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትንም፣ ማለት ቀበሌዎችን፣ አቋቋመ። ወርሐዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑ ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ፤ ኪራዩንም ቀበሌው እየሰበሰበ ለአካባቢው ሥራ እንዲያውለው ተደረገ። በወረቀት ላይ ይህ ለሕዝብ እጅግ የቀረበ አስተዳደር ነበር። መራጩ ባለንብረት ብቻ መሆኑ ቀርቷል፤ ተመራጩም ጎረቤት ነው።

ነገር ግን በ1969 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 104 የቀበሌዎቹ ሥልጣን ይበልጥ ሰፋ። የፍርድ ሸንጎና የአብዮት ጥበቃ ጓድ በቀበሌው ጥላ ሥር ተሰባሰቡ። ኪራይ የሚሰበስበው፣ መሣሪያ የሚይዘውና የሚፈርደው አንድ ቤት ሆነ። ቀጥሎ የመጣው የቀይ ሽብር ጊዜ ይህ አደረጃጀት ምን ሊያደርስ እንደሚችል አሳየ። በሌሊት ልጇ የተወሰደባት እናት በነጋታው የምትጠይቀው ያንኑ የወሰደባትን ቀበሌ ነበር።

ከዚህ ዘመን የምናገኘው ትምህርት መመረጥ ብቻውን አለመብቃቱ ነው። የቀበሌ ሹማምንት ተመርጠው ነበር። የጎደለው ምርጫ ሳይሆን መለያየት ነው። ገንዘብ የሚያዘው፣ ኀይል የሚጠቀመውና ስለ ሁለቱም የሚጠይቀው የተለያዩ ሰዎች ካልሆኑ ጥያቄ የሚባል ነገር አይኖርም፤ ሰው ራሱን አይከስምና።

፫. የ1995ቱ ቻርተርና የባዶው ወንበር ዘመን

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 49 የአዲስ አበባ ነዋሪ ራሱን በራሱ የማስተዳደር ሙሉ ሥልጣን እንደሚኖረው ደነገገ፤ የከተማው አስተዳደር ተጠሪነትም ለፌዴራል መንግሥት እንዲሆን አደረገ። ይህን ለማስፈጸም መጀመሪያ በ1989 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 87፣ በኋላም በ1995 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 311ና አዋጅ ቁጥር 361 ወጡ። በ361ዱ ቻርተር የከተማው ምክር ቤት ከንቲባውን ከአባላቱ መካከል ይመርጣል፤ በጀት ያጸድቃል፤ ዋና ኦዲተር ይሾማል። በዚያው ዓመት ከተማው በአሥር ክፍለ ከተሞች ተከፈለ፤ ከምሥራቁ ወገን ቦሌና የካ ሁለቱ ነበሩ። በ2013 ዓ.ም. ከነዚሁ ከሁለቱ ተቆርሶ ለሚ ኩራ አሥራ አንደኛው ክፍለ ከተማ ሆነ።

ሕጉ እንዲህ ሲሟላ ወንበሩ ግን ባዶ ነበር። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ከተማውን ይመራ የነበረው በአቶ አርከበ ዕቁባይ የሚመራ ጊዜያዊ አስተዳደር ነበር። በግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ ቅንጅት ለአንድነትና ለዴሞክራሲ ከ138ቱ የከተማው ምክር ቤት መቀመጫዎች 137ቱን አሸነፈ። ተመራጮቹ ግን በምርጫው አጠቃላይ ውጤት ላይ በተነሣው ክርክር ምክንያት አስተዳደሩን ሳይረከቡ ቀሩ። ለከንቲባነት የታጩት ዶክተር ብርሃኑ ነጋና ሌሎች የፓርቲው መሪዎች በ1998 ዓ.ም. መጀመሪያ ታሰሩ። በግንቦት 1998 ዓ.ም. በአቶ ብርሃነ ደሬሳ የሚመራ ሌላ የባለአደራ አስተዳደር ተሰየመ፤ እስከ ሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ምርጫ ድረስም ቆየ።

አንባቢ እዚህ ላይ ጥቂት እንዲቆም እንለምናለን። በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 ዓ.ም. በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ ደም ፈሰሰ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን አስታውቋል። በከተማው ታሪክ ውስጥ ስለ ፖሊስ ሥራ መጠየቅ ያለበት ጊዜ ቢኖር ያ ጊዜ ነበር። ነገር ግን በዚያ ጊዜ አዲስ አበባ የተቀመጠ የከተማ ምክር ቤት አልነበራትም። የሞተበትን ያጣ ሰው አቤት የሚልበት የፌዴራል አካል ነበረው፤ ከሰፈሩ የመረጠው፣ በስሙ ተነሥቶ «ማን አዘዘ? በምን መመሪያ?» ብሎ የሚጠይቅለት የከተማ ወኪል ግን አልነበረውም። ባዶ ወንበር ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

ከዚያ በኋላ ምርጫዎች በ2000፣ በ2005 እና በ2013 ዓ.ም. ተካሂደዋል። የ2000ው ምርጫ ከ138ቱ 137ቱን መቀመጫ ለኢሕአዴግ ሰጠ፤ ቀጥለው የመጡትም ምክር ቤቶች የገዢው ፓርቲ አባላት የሞሉባቸው ነበሩ። የ2005ቱ ምክር ቤት ዘመኑን ጨርሶ ሳለ ምርጫው ስለ ዘገየ ዕድሜው ተራዝሞ እስከ 2013 ደረሰ። ስለዚህ የመጠየቅ ሥልጣን በሕግ ቢኖርም፣ ጠያቂውም ተጠያቂውም የአንድ ፓርቲ ሰዎች ሆነው መገኘታቸው በዚህ ዘመን የተጠየቀውን ጥያቄ መጠን እንደ ወሰነው መገንዘብ ያሻል።

፬. ማን ይከፍላል? ማን ያዛል?

አሁን ወደ ጉዳዩ ፍሬ ነገር እንግባ። የከተማው የበጀት ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። አስተዳደሩ ረቂቁን ያዘጋጃል፤ ምክር ቤቱ ተወያይቶ ያጸድቃል። የጸደቀው በጀት በ2015 ዓ.ም. ከ100 ቢሊዮን ብር በላይ፣ በ2016 ከ140 ቢሊዮን በላይ፣ በ2017 ከ230 ቢሊዮን በላይ፣ በ2018 ደግሞ ወደ 350 ቢሊዮን ብር ደርሷል። ከዚህ ዕድገት ከፊሉ የዋጋ መናርና በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የመጣው ለውጥ መሆኑ የታወቀ ነው። የሆነ ሆኖ የ2018ቱን በጀት ለ138 ወንበሮች ብናካፍለው አንድ ተመራጭ ከ2 ቢሊዮን ተኩል ብር በላይ የመጠየቅ ኀላፊነት በትከሻው ላይ አለ ማለት ነው።

ይህ ገንዘብ በአብዛኛው ከነዋሪው የሚሰበሰብ ነው። የሥራ ግብር፣ የንግድ ግብር፣ የመሬት ሊዝ፣ የአገልግሎት ክፍያና የመሳሰለው ሁሉ ወደ አንድ ቋት ይገባል። ለብዙ ዓመታት በ1968 ዓ.ም. በወጣ ሕግና በቆየ ተመን ይከፈል የነበረው የጣራና ግድግዳ ግብር በ2015 ዓ.ም. ሲሻሻል፣ በቦሌ፣ በገርጂ፣ በሲኤምሲና በአያት ያለ ባለቤት ሁሉ ለከተማው ምን ያህል እንደሚከፍል በግልጽ አየው። ብዙ የከፈለ ብዙ መጠየቁ አይቀርም።

ከተማው ከሚከፍላቸው መሥሪያ ቤቶች አንዱ የአዲስ አበባ ፖሊስ ኮሚሽን ነው። ደመወዙ፣ የደንብ ልብሱ፣ ነዳጁና ጣቢያው ከከተማው በጀት ይወጣል። ነገር ግን በ1995 ዓ.ም. በተዘረጋው ሥርዓት ኮሚሽኑ ከፌዴራል ፖሊስ ጋር በተጠሪነት እንዲያያዝ ተደርጓል። ስለሆነም አንድ መሥሪያ ቤት ሁለት አቅጣጫ ይመለከታል፤ ገንዘቡን ከከተማው ይቀበላል፣ በዕዝ ደግሞ ወደ ላይ ይመለከታል። በሚኒስቴር ዘመን የነበረው የድሮው ክፍተት በሌላ መልክ ተመልሶ መጥቷል ማለት ይቻላል። ልዩነቱ ያኔ ምክር ቤቱ ስለ ፖሊስ የሚይዘው ገመድ አልነበረውም፤ አሁን ግን አንድ ገመድ ይዟል፤ እርሱም በጀት ነው።

በቦሌ ጉዳዩ ይበልጥ ይወሳሰባል። በአንድ ጎዳና ላይ የከተማው ፖሊስ፣ የፌዴራል ፖሊስ፣ የደንብ አስከባሪና የግል ድርጅት ጥበቃ ሊቆሙ ይችላሉ። ነዋሪው የሚያየው የደንብ ልብስ ነው፤ የዕዙን ሰንሰለት አያይም። ሸቀጧ የተወሰደባት የጉሊት ሻጭ ማን ወሰደብሽ ብትባል «ደንቦች» ወይም «ፖሊሶች» ትላለች እንጂ የመሥሪያ ቤቱን ስም ለይታ አትናገርም። ጥያቄው ትክክለኛውን መላሽ እንዲያገኝ ለይቶ ማቅረብ እንግዲህ የወኪሏ ሥራ ነው።

፭. የጥያቄ ጉዞ፤ ከቦሌ አራብሳ የተወሰደ አስተሳሰብ

የአሠራሩን ነገር ግልጽ ለማድረግ አንድ ምሳሌ እናስብ። ምሳሌው ለማስረጃ የቀረበ እንጂ የተፈጸመ ታሪክ አይደለም። በቦሌ አራብሳ ወይም በየካ አባዶ የጋራ መኖሪያ ቤቶች አካባቢ ሲመሽ ዝርፊያ በዛ እንበል። ነዋሪው ተሰብስቦ ለጥበቃ በየወሩ መዋጮ ያወጣል። ወኪሉ ይህን ይሰማል። በምክር ቤቱ ስብሰባም ተነሥቶ «በአካባቢያችን ጸጥታ ጠፍቷል፤ ምን ታስቧል?» ብሎ ይጠይቃል። መላሹ «ችግሩን ለመቅረፍ እየሠራን ነው» ይላል። ሊቀመንበሩ ያመሰግናል፤ ስብሰባው ይቀጥላል። ይህ ጥያቄ ተጠየቀ እንጂ አልተመለሰም። ጉድለቱም በመላሹ ብቻ ሳይሆን በጥያቄውም ነው፤ እንዲህ ላለ ጥያቄ ከዚህ የተሻለ መልስ አይሰጥም።

አሁን ያው ወኪል በሌላ መንገድ ይሂድ። በመጀመሪያ የሚጠይቀው የቁጥር ጥያቄ ነው፤ በአካባቢው ስንት ፖሊስ ተመድቧል? በሌሊት የሚወጣው ስንት ነው? ባለፈው ዓመት ስንት አቤቱታ ተመዘገበ? የፖሊስ ኀላፊው መኪናው በነዳጅ ማነስ እንደ ቆመ ይናገራል እንበል። ሁለተኛው ጥያቄ ወደ ፋይናንስ ቢሮ ይሄዳል፤ ለነዳጅ የተያዘው ገንዘብ ስንት ነው? መቼ ተለቀቀ? ቢሮው ገንዘቡ በሙሉ መለቀቁን ይገልጻል። ሦስተኛው ጥያቄ ወደ ዋናው ኦዲተር ይሄዳል፤ የተለቀቀው ገንዘብ ለምን ዋለ? ወጪው ደረሰኝ አለው ወይ? አሁን የሦስቱ መልስ ጎን ለጎን ይቀመጣል። ሦስቱም በአንድ ጊዜ እውነት ሊሆኑ አይችሉም፤ ወይም ሦስቱም እውነት ከሆኑ መካከላቸው የጠፋ ነገር አለ። ጥያቄ ኀይል የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው።

ከዚህ ምሳሌ ሦስት ነገሮች ይገኛሉ።

አንደኛ፣ የፖሊስ ጥያቄና የገንዘብ ጥያቄ ተነጣጥለው አይጠየቁም። የፖሊሱን ሥራ ሳያዩ በጀቱን ማጽደቅ ዕቃውን ሳያዩ ዋጋውን መክፈል ነው፤ በጀቱን ሳያዩ ፖሊሱን መውቀስ ደግሞ ላልተሰጠው ነገር መጠየቅ ነው።

ሁለተኛ፣ የጥያቄው እውነተኛ ቦታ ትልቁ አዳራሽ ሳይሆን ቋሚ ኮሚቴው ነው። በአዳራሹ ያለው ጊዜ አጭር ነው፤ መላሹም በጥቅሉ መልሶ ያልፋል። በኮሚቴ ውስጥ ግን ሰነድ ይቀርባል፣ ሠራተኛ ይጠራል፣ ጣቢያው ድረስ ሄዶ ማየት ይቻላል። በአዳራሹ የሚሰማው ጥያቄ በኮሚቴው የተሠራው ሥራ ፍሬ መሆን ይገባዋል።

ሦስተኛ፣ የመዋጮው ነገር አለ። ነዋሪው ለጥበቃ፣ ለጣቢያ ማሠሪያ ወይም ለመሣሪያ መግዣ የሚያዋጣው ገንዘብ በበጀት ውስጥ ካልገባ፣ በምክር ቤት አይጸድቅም፤ ካልጸደቀም አይመረመርም። እንግዲህ ነዋሪው ለአንድ ጸጥታ ሁለት ጊዜ ይከፍላል፤ አንዱን በግብር፣ ሁለተኛውን በመዋጮ፤ ሊጠይቅ የሚችለው ግን ስለ አንዱ ብቻ ነው። ብልኅ ወኪል ስለ በጀቱ ከመጠየቁ በፊት ከበጀቱ ውጭ የሚሰበሰበውን ይጠይቃል።

ጥያቄ ልክ እንዳለውም መናገር ያስፈልጋል። የምክር ቤት አባል «እገሌን እሰር» ወይም «እገሌን ፍታ» ሊል አይገባውም፤ ይህን ያለ ጊዜ ፖሊሱን የፖለቲካ አሽከር ያደርገዋል፣ የፍርድ ቤትንም ሥራ ይቀማል። የእርሱ ጥያቄ በመመሪያው፣ በወጪው፣ በውጤቱና በሰው መብት አያያዝ ላይ ነው። የቀበሌው ዘመን ያስተማረን ይህንን ድንበር ጭምር ነው።

፮. ሌላ ዋና ከተማ እንዴት አደረገ?

የአንድ አገር ዋና ከተማ ፖሊስ የከተማው ብቻ ነው ማለት በየትም ቢሆን ያስቸግራል፤ ቤተ መንግሥቱ፣ ኤምባሲውና የውጭ እንግዳው ሁሉ እዚያ ነውና። የሎንዶን ከተማ ፖሊስ እ.ኤ.አ. በ1829 ከተቋቋመ ጀምሮ እስከ 2000 ድረስ የበላይ ኀላፊው የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ነበር። የሎንዶን ሰው ከ170 ዓመት በላይ እየከፈለ በራሱ ከተማ ወኪሎች አማካይነት ስለ ፖሊሱ የመጠየቅ ሥልጣን አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሕግ ግን 25 አባላት ያሉት የከተማ ጉባኤ ተቋቋመ። ጉባኤው ከንቲባውን በዓመት አሥር ጊዜ በአደባባይ ይጠይቃል፤ የፖሊሱን ወጪ ጨምሮ በጀቱን በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሊለውጥ ይችላል። የፖሊስ አዛዡ የሚሾመው ግን ዛሬም በመንግሥቱ በኩል ነው።

ከዚህ የምንማረው ሹመትና ጥያቄ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ነው። ማዕከላዊው መንግሥት በዋና ከተማው ፖሊስ ላይ ድርሻ ስላለው ብቻ የከተማው ወኪሎች ዝም ይበሉ ማለት አይደለም። የሚያዘው አንድ፣ የሚከፍለው ሌላ ሊሆን ይችላል፤ የከፈለ ግን ይጠይቃል።

፯. ሁለት ወኪል ያለው ነዋሪ

በሕገ መንግሥቱ የሰፈረ፣ ብዙ ነዋሪ ግን የማያስታውሰው አንድ ነገር አለ። የአዲስ አበባ ነዋሪ አንድ ሳይሆን ሁለት ወኪል አለው፤ አንዱ በከተማው ምክር ቤት፣ ሌላው በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። በአንቀጽ 55 መሠረት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትን ጠርቶ የመጠየቅ ሥልጣን አለው፤ የፖሊስና የጸጥታ ኀይሎች ሥራ የሰውን መብት ሲነካ ይመረምራል፤ ከአባላቱ አንድ ሦስተኛው ሲጠይቁም ለአስፈጻሚው በተሰጠ በማናቸውም ጉዳይ ላይ መነጋገር ግዴታው ነው። በአንቀጽ 12 ደግሞ የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን እንዳለበት፣ ኀላፊነቱን ያጓደለ ባለሥልጣን ተጠያቂ እንደሚሆን፣ ሕዝቡም እምነት ያጣበትን ተመራጭ ከቦታው ማንሣት እንደሚችል ተጽፏል።

ስለዚህ ከቦሌ ተነሥቶ ስለ ፖሊስ የሚቀርብ ጥያቄ በሁለት ተከፍሎ መሄድ ይችላል። ገንዘቡና የዕለት አገልግሎቱ በከተማው ምክር ቤት፣ ዕዙና የኀይል አጠቃቀሙ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይጠየቃሉ። ሁለቱ ወኪሎች ተነጋግረው ቢሠሩ መላሹ «ይህ የእኔ ሥራ አይደለም» ብሎ የሚያመልጥበት ቀዳዳ ይጠባል። ሳይነጋገሩ ቢቀሩ ግን አንደኛው ወደ ሌላው እየላከ ነዋሪውን በደጅ ጥናት ያደክሙታል።

መደምደሚያ

ባለፈው አንድ መቶ ዓመት ውስጥ የአዲስ አበባ ዘበኛ ከመኳንንት ወደ ማዘጋጃ ቤት፣ ከማዘጋጃ ቤት ወደ ሚኒስቴር፣ ከሚኒስቴር ጎንም ወደ ቀበሌ ጓድ፣ በመጨረሻም በከተማና በፌዴራል መካከል ወደ ቆመ ኮሚሽን ተሸጋግሯል። በእያንዳንዱ ሽግግር ዘበኛው ማንን እንደሚታዘዝ በጥንቃቄ ተጽፏል፤ ለማን እንደሚመልስ ግን ሁልጊዜ በኋላ የሚታሰብ ነገር ሆኖ ቆይቷል። ሕጉ ዛሬ ለመጠየቅ የሚያስችል በቂ በር ከፍቷል። በጀቱ፣ ኦዲተሩ፣ ቋሚ ኮሚቴውና ሁለቱ ምክር ቤቶች አሉ። የቀረው በበሩ የሚገባ ሰው ነው።

የሚገባውም ሰው ወኪሉ ብቻ አይደለም። ወኪል የሚጠይቀው የተጠየቀውን ነው። መራጩ ወኪሉን «ለሰፈራችን ምን አመጣህ?» ብቻ ሳይሆን «ስለ እኛ ምን ጠየቅህ? ምንስ ተመለሰልህ?» ብሎ መያዝ ሲጀምር በአዳራሹ ያለው ጥያቄ ይለወጣል። አባቶቻችን «ዳኛ ሲገኝ ተናገር፣ ውሃ ሲጎድል ተሻገር» ይላሉ። በ1998 ዓ.ም. መናገር የሚያስፈልግበት ቀን መጣ፤ የከተማው ወንበር ግን ባዶ ነበር። ወንበሩ ሰው ባለበት ጊዜ ሳይጠየቅ ያለፈ ነገር፣ ወንበሩ ባዶ በሆነ ጊዜ ሊጠየቅ አይችልም።